አርባ አንድ እሺ

ወንድሜ አስራ ሁለት ዓመት የሰራበትን መስሪያ ቤት ለቅቆ መገናኛ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጌም ዕቃ መሸጫ ሲከፍት፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ሒሳብ አስተምሬ ነው የወጣሁት። ከዚያ በኋላ የነበረኝ ዕቅድ መተኛት ነበር። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ እስኪበቃኝ መተኛት፣ ስነቃ ሻይ መጠጣት፣ ከዚያ መልሶ ጋደም ማለት። ታናሽ ወንድሜ ግን እኔ ሳርፍ ማየት አይሆንለትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያለከለከ መጣና አዲስ የጌም ማሽን ሊወጣ ነው አለኝ። ከቴሌቪዥን ጋር ተሰክቶ ልጆች ኳስና ጦርነት የሚጫወቱበትን ሳጥን ማለቱ ነው።

«እታለም፣ ይሄ ነገር ሲወጣ ዓለም ነው የሚንቀጠቀጠው። ውጭ አገር ሰው ድንኳን ተክሎ ነው የሚጠብቀው!»

«የድሮው ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። አዲሱ ይበልጣል።»

እኔ ሰው ድንኳን ተክሎ ሲቀመጥ የማውቀው ለቅሶ ቤት ነው። ይህንኑ ነገርኩት፤ አልሳቀም። መሳቅ የሚችልበት ሁኔታ ላይም አልነበረም። ከመስሪያ ቤቱ ሲወጣ ያገኘውን በሙሉ ለሱቁ ኪራይ አውጥቶታል። ያለው የመጨረሻ ተስፋ ይህ ማሽን ነው። ከተሸጠለት ይቆማል፣ ካልተሸጠለት የሕንጻው ባለቤት ውሉን አያድስለትም፣ ወደ መስሪያ ቤቱም የሚመልሰው የለም። ሁለት ልጆች አሉት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ እሱ የሚነግረኝ ስለ ድንኳኑ ብቻ ነበር።

ማስታወቂያው ማሽኑ ከመምጣቱ ከሁለት ወር በፊት ተጀመረ። የሱቁ መስታወት «በቅርብ ቀን» በሚል ፖስተር ተሸፈነና ውስጡ ጨለመ፤ በቀን መብራት ማብራት ግድ ሆነ። ስልክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ወጣት ተከፍሎት መጣና ሳጥኑን ሲከፍት በደስታ እየጮኸ ሲያለቅስ ተቀረጸ። ማሽኖቹ ገና ከዱባይ ስላልተነሱ ሳጥኑ ባዶ ነበር። ክብደት ያለው እንዲመስል የእኔን መዝገበ ቃላት ነው የከተቱበት። ልጁ መዝገበ ቃላቴን ታቅፎ ሲያለቅስ አገር ምድሩ አየው፤ ወንድሜም «ወደድኩት» ያለውን ሰው ሁሉ ገዢ አድርጎ ያስብ ጀመር።

«ቦሌ ውስጥ ይሄ ማሽን የማይገባበት ሳሎን አይኖርም» ይለኛል።

«ስልኩን በጣቱ የነካ ሁሉ ኪሱን ይነካል?» አልኩት።

«ለእሱ እኮ ነው አንቺን የምፈልግሽ።»

የፈለገኝ ለተማሪዎቼ ነበር። ያስተማርኳቸው ዛሬ ባንክ ይሰራሉ፣ ሕንጻ ያሰራሉ፣ ዕቃ ያስመጣሉ። ብዙዎቹ ለበዓል ስለሚደውሉልኝ ስልካቸው አለኝ። «ደውዪና አስመዝግቢያቸው። አንቺን እምቢ የሚል የለም» አለኝ። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ያን ጊዜ ልታስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለችኝ።

አስር ቀን ደወልኩ። ሁሉም «እሺ ቲቸር» አሉኝ። «እርስዎ ብለው እምቢ ይባላል እንዴ?» «ኧረ ምን ችግር አለው፣ አንድ ይያዙልኝ።» አንደኛው ሐኪም ሆኗል፤ ልጅ የለውም፣ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ሁለት ይያዙልኝ አለ። ስሙን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ደብተሬ ላይ አርባ አንድ እሺ ሰበሰብኩ።

ወንድሜ ከእያንዳንዱ ቀብድ እንድቀበል ለመነኝ። እዚህ ላይ ተቆጣሁ። ያስተማርኳቸውን ልጆች ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀብድ አምጡ ልላቸው ነው? «ቃላቸው ይበቃል» አልኩት። እሱም የእኔን ቃል አምኖ በደብተሬ ልክ አርባ አንድ ማሽን አዘዘ። አሁን ሳስበው እነሱ እኔን እምቢ ማለት አፈሩ፣ እኔ እነሱን ገንዘብ መጠየቅ አፈርኩ፣ እሱ ደግሞ ታላቅ እህቱን መጠራጠር አፈረ። በሦስት እፍረት ነው ያ ሁሉ ዕቃ የተጫነው።

ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ገባችሁ?» ስል ክፍሉ ሙሉ «አዎ ቲቸር!» ሲለኝ ኖሯል። ፈተና ሳርም ደግሞ ግማሹ እንዳልገባው አያለሁ። በማግስቱ መልሼ «ገባችሁ?» እላለሁ።

ማሽኑ የወጣበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ከሕንጻው በር ፊት ለፊት ለሰልፉ የሚሆን ገመድ ዘረጋ። ፊኛ ተነፋ፣ ድምፅ ማጉያ ቆመ። ላይ ሱቁ ውስጥ ሳጥኖቹ እስከ ኮርኒሱ ተደርድረው በጥቁር ጨርቅ ተሸፈኑ፤ ሰው ሲሞላ ጨርቁ ተገፎ ይጨበጨባል ተብሎ ነው። እኔም የበዓል ቀሚሴን ለብሼ መጣሁ።

እስከ አራት ሰዓት ገመዱ ውስጥ የቆመ አልነበረም። ከዚያ አንዲት እናት መጥተው ቆሙ። ከኋላቸው ሌላ ሁለት ሰው ተጨመረ። ወንድሜ ፊቱ በራ፤ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። እናትየው «ልጄ፣ ዘይት ነው ስኳር?» አሉት። ገመድ አይተው ነው። የጌም ማሽን ነው ሲላቸው ገመዱን አዩት፣ እሱን አዩት፣ «ታዲያ ምን ያሰልፋል?» ብለው ሄዱ። ከኋላቸው የቆሙትም ሄዱ።

ስልኬን አውጥቼ መደወል ጀመርኩ። አንዱ አይመልስም፣ ሌላው ዝግ ነው። ያነሱትም «መንገድ ላይ ነኝ ቲቸር» አሉኝ። ሐኪሙም መንገድ ላይ ነበር። ሁሉም መንገድ ላይ ሆነው ሰባት ሰዓት አለፈ። ድምፅ ማጉያው ያንኑ ዘፈን ይደጋግማል፤ ጉልበቴ አመመኝ፣ አፈርኩ፣ ከሁሉም በላይ ደከመኝ። ወንድሜ የፊኛዎቹን ክር ያስተካክላል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኔና ወንድሜ ላይ ሱቁ ውስጥ ሳለን፣ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ወዲያው ለየኋት። ክፍሉ ሁሉ «ገባን» ሲል እጇን አውጥታ «እኔ አልገባኝም» የምትል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ያቺ ናት። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ትሰፋለች። ለእሷ የደወልኩላት ስሟ ስልኬ ላይ ስለነበር ብቻ ነው፤ እንዲያውም ከደወልኩ በኋላ ምነው ባልደወልኩ ብዬ ነበር። የፋብሪካውን ሽርጥ እንኳ አላወለቀችም። እጇ ላይ የተጠቀለለ ጥቁር ፌስታል ይዛለች።

«ቲቸር፣ እሺ ብዬዎት አልነበር? መጣሁ።»

ፌስታሉን አየሁት። ጫማዋን አየሁት፤ ጎኑ ተሰፍቷል። አንጀቴን በላችው። አርባው ሳይመጣ የቀረው ቃሉን ማጠፍ ስለማይከብደው ነው፣ ይህቺ ምስኪን ግን እኔን ላለማሳፈር የወር ደመወዟን ይዛ መጣች አልኩ በልቤ።

«አልቋል» አልኳት።

«አልቋል? አንድም የለም?»

«አንድም።»

አርባ አንዱም ሳጥን ከጀርባዬ በጥቁር ጨርቅ ስር ነበር። ልጅቷ ጨርቁን አየት አደረገችው፣ ከዚያ ወንድሜን። ወንድሜ ሰምቷል፤ በእንግዳ ፊት ታላቁን አያሳፍርምና ዝም አለ። እሷ ፌስታሏን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላን ወረደች።

«እታለም፣ ምን ማድረግሽ ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ተሰብሯል።

«ከዚህች ልጅ ጉሮሮ ነጥቀህ ነው ሱቅህን የምታቆመው?»

ወርዶ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ውርደት መሃል አንድ ጥሩ ነገር እንደሰራሁ ተሰምቶኝ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሚያስቅ አይደለም። ተማሪዎቼ መኪና ተበላሸብኝ፣ እንግዳ መጣብኝ የሚል መልእክት ላኩ። ለበዓል መደወሉ ቀረ። አንዱ ቦሌ ሚካኤል ጋ ከሩቅ ሲያየኝ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ፤ እስካልፍ ድረስ አንብቦ አልጨረሰም። ማሽኖቹን ወንድሜ በስንት ልመና ለአንድ ነጋዴ በኪሳራ አስረከበ፣ ሱቁ ተዘጋ። አሁን እዚያው ሕንጻ ምድር ቤት የሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የሞባይል መሸፈኛ ይሸጣል። ደረጃ መውጣት ቀረልኝ ይላል።

ዓመት ሊሞላው ሲል መገናኛ ታክሲ ተራ ቆሜ ሳለ ያቺው ልጅ ከኋላ መጥታ አቀፈችኝ። አዲስ ጫማ አድርጋለች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ። ከዚያ እየሳቀች፣

«ያኔ እኮ ቲቸር አላዘንኩብዎትም ማለት ውሸት ነው» አለችኝ። «አምስት ሆነን ነበር ያዋጣነው።»

«ለምኑ?»

«ፋብሪካው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን ጌም ቤት ልንከፍት። ሠራተኛው እሁድ የሚሄድበት የለውም እኮ። እርስዎ ሲደውሉልኝ እግዜር ነው ያስደወለዎት አልን። አንዱን ወስደን ከሰራልን ሌላ ሦስት ከእናንተው ልንጨምር ነበር። አለቀ ሲሉኝ ሌላ ቦታ ፈልገን ገዛን።»

አሁን አምስት ማሽን አላቸው። እነሱን አይተው ሌሎችም እዚያው ሰፈር ከፈቱ፣ ሁሉም ከየት እንግዛ እያሉ የሚጠይቁት እሷን ነው። «ወደ ወንድምዎ ሱቅ ልልካቸው ፈልጌ ነበር» አለችኝ። «አሁንም አለ?»

«የለም» አልኳት።

ያልገባትን አልገባኝም ትል የነበረች ልጅ እሺ ስትል እሺ ማለቷ ነበር። ከአርባ አንዱ እውነተኛው ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ አፌ መለስኩት። ከፋኝ፤ በወንድሜ ሳይሆን በራሴ አዘንኩ። የልጅቷን ጫማ አይቼ ልቧን ያወቅሁ የመሰለኝ እኔ ነኝ። የወንድሜን ሱቅ ሊያቆም ይችል የነበረው ገዢ በእግሩ መጥቶ ነበር፤ ይህን ለወንድሜ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ታክሲው መጣ፤ ልጅቷ ቦርሳዬን ይዛ አሳፈረችኝ።

«እሁድ ይምጡና ቤታችንን ይዩልን፣ ቲቸር» አለችኝ በመስኮቱ። «ይመጣሉ አይደል?»

«እሺ» አልኳት።

አልሄድኩም።