የቤት መኪናዋ አራተኛ አመል

ባለፈው ሰሞን ስልኬን ስነካካ አንድ የመኪና ማስታወቂያ ብቅ አለ። «ጋራዥ የማታውቅ፣ በሴት እጅ የተያዘች፣ ምንም የማትባል!» ይላል። ከሥሩ ሰው ሁሉ «ስንት?»፣ «የመጨረሻ ስንት?» እያለ ተሰልፏል። አመሏን የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ብታነበው ኖሮ «ምንም የማትባል መኪናማ ገና አልተሠራችም» ብላ ስልኩን ትመልስልኝ ነበር።

ልጅ እያለሁ በላሊበላ ከተማ ቤት መኪና የነበረን እኛ ብቻ ነበርን። ጉራ ይመስላል፤ ይምሰል። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሣጥን፣ መስኮቷ ላይ ቢጫ መጋረጃ ያላት፣ ጎማ ላይ የተቀመጠች ሙሉ ቤት ነበረች። የዛሬ ልጆች ሁሉንም በስልክ ስለሚያዩት አይደንቃቸውም። እኛ ግን መኪና የምናውቀው ሰው ወይም እህል ሲጭን ብቻ ነበር። ድስት የሚጣድባት መኪና አለች ቢሉን ማን ያምናል?

ያመጧት ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ስንቱን አገርና በረሃ በእሷው አቋርጠው ላሊበላ ሲደርሱ ባልየው ክፉኛ ታመመና በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ተመለሱ። መኪናዋ እዚሁ ቀረች። ቀረጧ ተከፍሎ ሊብሬ ከወጣላት በኋላ ለአያ ደሳለኝ ውክልና ላኩላቸው። አያ ደሳለኝ የሰው ንብረት በአደራ ተረክበው የሚሸጡ፣ ከሽያጩም ኮሚሽናቸውን የሚያነሱ ሰው ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ የሌለ ነገር አልነበረም። ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቱሪስት ጥሎት የሄደ ድንኳን፣ አንድም ቀን እውነት ተናግሮ የማያውቅ ሚዛን። ከሁሉም ገዢ ያጣችው ያቺ መኪና ነበረች። ለጭነት አትሆን፣ ለተሳፋሪ አትሆን። አንድ ክረምት ሙሉ ዝናብ ወረደባት፤ የአያ ደሳለኝ ዶሮዎችም ከሥሯ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን የራሴ አድርጌያት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ በመስኮቷ አጮልቃለሁ። ከሹፌሩ ራስ በላይ፣ ጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ አልጋ አለች። የኔ አልጋ እሷ ናት ብዬ ወሰንኩ። የተቃወመኝም አልነበረም፤ ለማንም አልተናገርኩማ! አፍንጫዬን ከበሯ ክፍተት ሳስጠጋ የሳሙና፣ የጎማና የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ሽታ ይመጣል። ዛሬም ብርቱካን ስልጥ ያቺ በር ትታየኛለች።

እናቴ ዘውዴ ትባላለች። አንዲት ክፍል ተከራይታ ምግብ ቤት ከፍታ ነበር፤ ሽሮዋን የማያውቅ አስጎብኚ አልነበረም። አባቴ የሰው የጭነት መኪና የሚነዳ ተቀጣሪ ሹፌር ስለነበረ በወር ሁለቴ ብናየው ነው። በዚያ ዓመት የቤቱ ባለቤት ቦታውን አፍርሶ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ስለፈለገ እስከ ሰኔ ልቀቁ አለን። ምግብ ቤቱ ከተዘጋ ልመገብም ልማርም አልችልም ነበር። ይህንን የነገረኝ ሰው የለም፤ ግን እማዬ ሽንኩርት ሳትከትፍ ዓይኗ ሲቀላ አይ ነበር።

አንድ ቀን ትፈልገኝ መጥታ ከመኪናዋ መስኮት ላይ ተለጥፌ አገኘችኝ። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና እሷም በመስኮቱ አየች። ረጅም ጊዜ አየች። «ይቺ እኮ ኩሽና ናት» አለች፤ «ሹፌሩ ደግሞ ቤቴ አለ!» አለቀ። እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው። የፍላቂት ገበያ፣ የብልባላ ገበያ፣ የክብረ በዓል ቀን በየደብሩ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሄደን እናበላለን። አባቴም ከእኛ ጋር ይውላል፣ ከእኛ ጋር ያድራል። ብልባላ ዘመዶቿ ዘንድ የነበሩንን ሁለት በሬዎችና የባሕር ዛፍ ደናችንን ሸጠች። ያንን ብር የሚተካ ሌላ ነገር አልነበረንም።

ለግዢ የሄድን ዕለት አያ ደሳለኝ መኪናዋን አጥበው፣ ዶሮዎቹን አባርረው ጠበቁን። አባቴ ሞተሯን አስነሳ፣ ከሥሯ ገብቶ ተጋደመ፣ ወጣ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዋጋው ተስማማ። እኔ በልቤ አልጋዬን አንጥፌ ጨርሻለሁ። ይሄኔ እማዬ የብሩን ቋጠሮ በሁለት እጇ ይዛ፣ «አያ ደሳለኝ፣ እስቲ አመሏን ይንገሩኝ» አለች።

ይህ ነገር የብልባላ ገበሬዎች ከሆኑት ወገኖቿ የመጣ ነው። እነሱ በሬ ሲገዙ ጥርሱን ያያሉ፣ ጠምደው ያያሉ፤ በመጨረሻ ግን ባለቤቱን ዓይን ዓይኑን እያዩ «አመሉን ንገረኝ» ይላሉ። ይዋጋል ወይ? ውሃ ሲያይ ይቆማል ወይ? ባለቤቱ ይናገራል፣ «ይባረክልህ» ይላል፣ ከዚያ ገንዘብ ይቆጠራል። ደላላ ይህን አይመልስም። ከከብቱ ጋር ከርሞ ያየ ሰው ነው የሚመልሰው።

አያ ደሳለኝ ሳቁ። «እት ዘውዴ፣ ብረት ደሞ ምን አመል አለው? እንደ አዲስ እኮ ናት!»

«እርስዎ አደራ ጠባቂ ነዎት። አብረዋት አልኖሩም። የኖረ ይንገረኝ።»

አያ ደሳለኝ ከወልድያ የሚመጣ ሌላ ገዢ እንዳለ ተናገሩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ በልቤ እማዬን ተቆጣኋት። በመድኃኔዓለም! ይሄ ምን የሚሉት ድርቅና ነው? እማዬ ግን ቋጠሮዋን እንደያዘች ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሰውዬው ቢያዩ፣ ቢያዩ፣ የምትነሳ አልሆነችም። ስልካቸውን አወጡና ሆላንድ ደወሉ። «ማን ነው የሚያናግራት ታዲያ? የኔ እንግሊዝኛ ከዋጋ አያልፍም» አሉ። እማዬ አገጯን ወደ እኔ ቀሰረች። «ስንዱ አለች አይደል!»

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከቱሪስት ጋር ስውል እንግሊዝኛዬ እንደ ልብ ሆኖ ነበር፤ ቢያንስ እኔ ለሰው ሁሉ እንደዚያ አወራ ነበር። ስልኩን ያነሳችው በዕድሜ የገፋች ሴት ናት፤ ኤልስ እባላለሁ አለችኝ። ባሏ ካረፈ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ለእማዬ ስነግራት «ነፍስ ይማር በያት» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ጥያቄውን እንደምንም አድርጌ አቀረብኩት፤ አብረሻት ስትኖሪ ምን ታስቸግርሽ ነበር? ሴትዮዋ ሳቀች። ደስ ያላት መሰለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ገዢ የለም አለች።

አንደኛ፣ በሩ ትንሽ ወደ ላይ ካልተነሳ አይከፈትም። ተረጎምኩ። ሁለተኛ፣ በብርድ ጠዋት ቁልፉን ግማሽ አዙሮ ሃያ ሳይቆጥሩ ማስነሳት አይቻልም። ተረጎምኩ። ሦስተኛ፣ ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ የኋላው መስኮት ያስገባል። እሱንም ተረጎምኩ። እማዬ በእያንዳንዱ ራሷን ትነቀንቃለች።

አራተኛው ላይ ሴትዮዋ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይሰንፋል፤ እግር እስከ ወለሉ ወርዶ የማይዝበት ጊዜ አለ። ባሌ በከባድ ማርሽ፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ፣ ነበር የሚወርደው፤ መሃል ላይ ደግሞ ቆሞ፣ ሻይ አፍልተን ጠጥተን፣ ፍሬኑ ሲበርድ ነው የምንቀጥለው። አደራ ለአባትሽ ንገሪው አለችኝ። አደራ የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳለችው ረስቻለሁ፤ ድምፅዋን ግን አልረሳሁም። በመጨረሻም «ደስ ብሏችሁ ኑሩባት» አለች።

«ምን አለች?» አለች እማዬ።

አየኋት። ቋጠሮዋን አየሁ። ጣሪያው ሥር ያለችውን አልጋዬን አየሁ። ፍሬን የሚባል ቃል ካነሳሁ እናቴ ብድግ ብላ ወደ ቤት እንደምትሄድ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ይባረክላችሁ አለች» አልኩ። ውሸት አልነበረም እኮ! በራሷ አነጋገር ብላለች። ብቻ ከዚያ በፊት ያለችውን ዋጥኩት። ብሩ ተቆጠረ፤ ቁልፉን ተረከብን። አባቴ አቅፎ ወደ ላይ ሲያነሳኝ ጎበዝ አስተርጓሚ እያለ ነበር።

በማግስቱ ንጋት ላይ ወደ ፍላቂት ገበያ ጉዞ ጀመርን። ድስቱ፣ ብርጭቆው፣ የሽሮው ዱቄት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። አባቴ ሃያ ቆጥሮ አስነሳት። ያፏጫል፤ እማዬ አጠገቡ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እኔ አልጋዬ ላይ ተኝቻለሁ፤ ደስታ የሚባል ነገር ግን አጠገቤ የለም። ከላሊበላ ስትወጣ መንገዱ ወደ ቆላው እንደሚወርድ የማያውቅ የአገሬ ልጅ የለም። አባቴ እግሩን ፍሬኑ ላይ ባደረገ ቁጥር የኔ ጣቶች በጫማዬ ውስጥ ይጨበጣሉ።

ነአኩቶ ለአብ አጠገብ ስንደርስ፣ ዋናው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት፣ እማዬ ልሳለም ብላ አስቆመችው። ወርዳ ወደ ገዳሙ ዞራ ሰገደች። «ነአኩቶ ለአብ፣ መንገዱን አንተ ያዝልን። ነይ ስንዱ፣ ተሳለሚ!» ወረድኩ። መስገዱንስ ልስገድ፤ ምን ብዬ? እዚያው አፈር ላይ ቁጭ ብዬ እሪ አልኩ። «አራተኛ አመል አላት! ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ይሰንፋል!»

አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ቁልቁለቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ጀርባውን ሰጠኝ። ያ ጀርባ ከጥፊ ይብሳል። እማዬ ግን ፊቴ ቁጢጥ አለች።

«ቃል በቃል ንገሪኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ማርሹን፣ መሃል ላይ መቆሙን፣ ሻዩን ሳይቀር። አባቴ ከወዲያ «በከባድ ማርሽ ከሆነማ ይወረዳል» አለ። «ለምን ደበቅሽን?» አለች እማዬ። አልጋዬ ትቀርብኛለች ብዬ፣ አትገዢያትም ብዬ አልኳት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየችኝ።

«አንቺ ሞኝ፣ አመሏን የጠየቅሁት ልተዋት መሰለሽ? አብሬያት ልኖር እኮ ነው የጠየቅሁት!»

ቀጥላም ነጠላዋን እያራገፈች ተነሳች። «በይ ተነሺ። ዛሬ ደሞ ያንቺንም አመል አወቅሁት።» ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

በከባድ ማርሽ፣ እያቃሰትን ወረድን። ፍሬኑ ጨርቅ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ ሲያወጣ አባቴ ዳር ይዞ ቆመ። እማዬ ሆላንዳዊቷ እንዳለችው ሻይ ጣደች። ውሃው ሳይፈላ ከነአኩቶ ለአብ የሚመለሱ ምዕመናን ደረሱ፤ ከኋላቸው አስጎብኚዎች፣ ከእነሱ ኋላ ፈረንጆች። ሁሉም «ይሸጣል?» ይላል። የዚያን ቀን ፍላቂት የደረስነው ገበያው ሊበተን ሲል ነው፤ ግን የሚሸጥ ሻይ አልነበረንም። ተጠጥቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ የሚበርድበት ያ ቦታ ከገበያዎቹ ሁሉ የበለጠ ገበያችን ሆነ። የተማርኩት፣ አባቴም የሰው መኪና መንዳት የተወው በዚያ ሻይ ነው።

ዛሬ መኪናዋ ጓሯችን ውስጥ ቆማለች፤ ጎማዋ ከከዳት ቆየ። እማዬ አርጅታለች፤ እንግዳ ሲመጣ ግን በሩን ወደ ላይ አንስታ ከፍታ እዚያው ውስጥ ነው ሻይ የምታጠጣው። የኔም እንጀራ ማስተርጎም ሆኗል። በዘመናችን ሁሉ ነገር «ምንም የማትባል» ሆኗል፤ መኪናው፣ ቤቱ፣ ሰውም በፎቶው እንደዚያው። ብሶ የመጣብን ግን አይመስለኝም። ድሮም ደላላው እንደ አዲስ ናት ይል ነበር። የጎደለብን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።

ለጋብቻ ሽማግሌ የተላከብኝ ዕለት ሽማግሌዎቹ ወጉን ጨርሰው መልስ ሲጠብቁ እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። «ልጄን እሰጣለሁ» አለች፤ «አመሏን ግን ልንገራችሁ። አብዝታ የምትፈልገው ነገር ሲመጣ ከአራቱ ሦስቱን ብቻ ትናገራለች። አራተኛውን ጠይቋት፤ ከተጠየቀች አትዋሽም።» ሽማግሌዎቹ ተያይተው ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ባሌ ይህንን ከሽማግሌዎቹ ሰምቶ ኖሯል። ከተጋባን ይኸው ስንት ዓመታችን፣ ማታ ውሎዬን ተርኬለት ዝም ስል ቀና ብሎ ያየኛል።

«አራተኛውስ?» ይለኛል።

እነግረዋለሁ።