የፓፓያ ቅጠል ያለበት ሸሚዝ

ነገሌ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሲወስዱኝ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ጠመኔው ገና ከእጄ አልወጣም። ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሙቀቱ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ሰባት ሰው የታጨቀበት ነው። በሩ አጠገብ የነበሩ አዛውንት ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ናጋ ነው? ሰላም ነው? ግባ ልጄ፣ ቤት ለእንግዳ አይጠብም» አሉኝ። ዙሪያዬን አየሁና ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ።

በሦስተኛው ቀን ከምርመራ ስመለስ የሸሚዜ ደረት በአፍንጫዬ ደም ተበላሽቶ ነበር። ያለ ሳሙና ባሸው ባሸው ቡኒ ሆኖ ቀረ። ያስጨነቀኝ አፍንጫዬ አልነበረም። ቅዳሜ እህቴ ስንቅ አምጥታ የቆሸሸ ልብሴን ትወስዳለች፤ የምታጥበው እናቴ ናት። ደም ግፊት አለባት፤ «ማንም አልነካኝም» ብዬ ልኬባታለሁ። ሸሚዙን ባስቀረው ደግሞ ይብስ ትጠረጥራለች፤ ልብሴን አንድ በአንድ የምታውቅ ሴት ናት።

አዛውንቱ ከመታሰራቸው በፊት ቤታቸው ሸሚዝ እያስጌጡ ይሸጡ ነበር። ጭንቀቴን ስነግራቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣ እስቲ። እናትህ ጓሮ ምን አለ?»

«ፓፓያ።»

የሚያኝኩትን የግራር ሙጫ በትንሽ ውሃ አለስልሰው፣ በክብሪት እንጨት ከደሙ እድፍ ዙሪያ የፓፓያ ቅጠሎች ሣሉበት። ሙጫው ሲደርቅ ከትራሳቸው ሥር ጂቪ አወጡ፤ ያ ወይን ጠጅ የቁስል መድኃኒት። ክሊኒኩ ለእግራቸው ቁስል የሰጣቸው ነው።

«አባ፣ ይሄማ የአንቱ መድኃኒት ነው።»

«እግሬ ለምዷል። እናትህ ግን አልለመደችም።»

በጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ሸሚዙን በሙሉ ቀለሙት። ሲደርቅ ሙጫውን ልፍቀው ስል እጄን ያዙኝ። «ተወው። እሷ ስታጥበው ሙጫው ይለቃል፣ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በእጇ ይውጣላት» አሉኝ። የራሳቸውን ቁስል ትተው፣ አይተዋት የማያውቋትን ሴት ያስታምሙ ነበር። እንደሳቸው ያለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም።

ቅዳሜ እህቴ ሸሚዙን ወሰደችው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ታጥቦና ተተኩሶ መጣ። ነጫጮቹ ቅጠሎች ቁልጭ ብለው ወጥተዋል፤ ደሙ የት እንደነበር እኔም ጠፋኝ። ውስጡ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ስፈታው አዲስ የጂቪ ጠርሙስ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ቀለሙን አውቃዋለች።

ጠርሙሱን ለአዛውንቱ ሰጠኋቸው። በግማሹ እግራቸውን ቀቡ፤ ግማሹን ከድነው ትራሳቸው ሥር መለሱት።

«ሌላም ሸሚዝ ይመጣል» አሉ።

ብዙም ሳይቆዩ ወደ ያቤሎ እስር ቤት ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እኔ ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ሸሚዙ ዛሬ ጠቦኛል። እናቴ ስለ ሸሚዙ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም። አልፎ አልፎ ግን ከሳጥኑ አውጥታ ታጥበዋለች። ሁልጊዜ ገልብጣ፣ ደረቱን ከውስጥ በኩል ነው የምታሸው።