ሸዋአየሁ የጻፈችው ቃለ ጉባኤ

ሸዋአየሁ ዋሴ ከጎንደር የተባረረችበትን ቃለ ጉባኤ የጻፈችው ራሷ ናት። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ብዙ አልነበሩም፤ የሚያውቁትም ረስተውታል። እሷ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ከውስጡ አንዲት ቃል አልጣለችም።

የእንፍራንዝ ልጅ ናት። አባቷ ገበሬ ነበሩ፤ ከልጆቻቸው ሁሉ ትምህርት የሰመረላት እሷ ስለሆነች ጎንደር አክስቷ ዘንድ ሰደዷት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች የጽሕፈት ሙያ ተምራ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጠረች። እጇ ፈጣን ነበር። ሰው እየተናገረ እኩል ትጽፋለች፤ የተናጋሪው ሳል እንኳ የሚያመልጣት አይመስልም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከአለቆቹ ጎን በትንሿ ጠረጴዛ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ነበረች። በሠላሳ ዓመቷ ባሏን ፈታች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሁለት ዓመት ብቻዋን ከኖረች በኋላ ከዚያው መሥሪያ ቤት የፕላን ባለሙያ ከነበረው ከኪዳነወልድ ጋር ተዋደዱ። እሱም ሚስት አልነበረውም። ሽማግሌ ሊልክ እየተሰናዳ ነበር።

ኪዳነወልድ ግን በዚያ ሰሞን ለኃላፊነት ታጭቶ ነበር፤ ለዚያው ወንበር ደግሞ ዳኛው የሚባል የገዢው ፓርቲ ሰው ዓይኑን ጥሎበታል። ዳኛው ንግግር አዋቂ ነው። በየስብሰባው ስለ ቤተሰብ ክብርና ስለ ጨዋነት ሳይናገር አይቀመጥም።

በ2007 ዓ.ም. የካቲት ላይ ግምገማ ተጠራ። ሸዋአየሁ እንደ ልማዷ ወረቀቷን አዘጋጅታ ተቀመጠች። ዳኛው ተነሣና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሥነ ምግባር ጉድለት አለ አለ። መጀመሪያ ስም አልጠራም፤ እሷም አጎንብሳ ትጽፋለች። ቀጥሎ የኪዳነወልድን ስም ጠራ። ቀጥሎ የእሷን። ባሏን ፈትታ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር የምትውል ሴት የመንግሥት ምስጢር ልትይዝ አይገባም አለ። እጇ ቆመ።

«ምነው ቆምሽ?» አላት ዳኛው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጻፊው። ቤቷን ያላከበረች ሴት የመንግሥትን ቤት አታከብርም። እንደተናገርኩት ጻፊው።»

ጻፈችው። ውሳኔውን ደግፈው እጃቸውን ያወጡትንም ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፈች፤ አሥራ አራት ነበሩ። ሰውአገኝ የሚባለው፣ በየቀኑ ከእሷ ጋር ምሳ የሚበላው ባልደረባዋ፣ ከእነዚያ አንዱ ነው። ኪዳነወልድ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን በኮምፒውተር ጽፋ በሦስት ቅጂ አወጣችው፤ አሥራ አራቱም ፈረሙበት። አንዱን ቅጂ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ውሳኔው ኪዳነወልድ ከዕጩነቱ እንዲነሣ፣ እሷም ወደ ሳንጃ እንድትዛወር ነበር። ደገኛ ናትና ቆላው አልስማማ አላት፤ በመጀመሪያው ዓመት ወባ ሁለት ጊዜ ጣላት። ስሟ ቀድሟት ደርሷል። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ከተማው በእንግዳ በሞላ ቁጥር «ያቺ በሥነ ምግባር የተላከችዋ» እያለ በሯን የሚያንኳኳ ወንድ አይጠፋም። ኪዳነወልድ አንድ ጊዜ ብቻ ደውሎ ራሷን እንድትጠብቅ ነገራት፤ ከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ አገባ ሲባል ሰማች። እናቷ እንፍራንዝ ሲሞቱ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበረ ለቀብር አልደረሰችም። ከስንት ቀን በኋላ ገብታ ለቅሶ ላይ ስትቀመጥ አጎቷ ሰው በተሰበሰበበት፣ እናትሽን የገደላት ያንቺ ወሬ ነው አላት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የሸዋአየሁ ግን አለመርሳት ብቻ አልነበረም። ጠዋት ተነሥታ ስታማትብ ከጸሎቷ መጨረሻ የዳኛውን ስም ትጠራለች። እንዲሞት አልነበረም የምትለምነው። ዕድሜ ስጠው ትላለች፤ ጤና ስጠው፤ ከፍ አድርገው፤ ከዚያ እኔ እያየሁ ጣለው።

ግማሹ ልመና ተሰማላት። ዳኛው ሹመት በሹመት ላይ ተደራረበለት፤ በየሠርጉና በየምርቃቱ ተነሥቶ ልጃገረዶችን የሚመክር ትልቅ ሰው ሆነ። ሰውአገኝ በሥልጣን ከዳኛው ጋር ተጣልቶ ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ገባና እዚያ ቃል አቀባይ ሆነ። ሸዋአየሁ በስድስተኛው ዓመት ሥራዋን ለቃ ጎንደር ተመለሰች። ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን አስገባች። ማመልከቻ፣ ውል፣ አቤቱታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋለች።

ምርጫ ደጅ ላይ ደርሶ፣ ዳኛውም ዕጩ ሆኖ ፎቶው በየግድግዳው በተለጠፈ ሰሞን፣ ጉዱ በቴሌግራም ወጣ። ልዕልት ከምትባል የሃያ ሦስት ዓመት የኮንትራት ሠራተኛ ጋር ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ሆነው የተነሡት ፎቶና የላከላት መልእክቶች ናቸው። ከመልእክቶቹ አንዱ፣ ቋሚ ቅጥርሽ በእጄ ነው፤ ቅዳሜ ካልመጣሽ ግን እኔ የለሁበትም ይላል።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። የዳኛው ደጋፊዎች ሸዋአየሁ ዘንድ መጥተው የድጋፍ መግለጫ አስጻፉ። ነገሩ የግል ሕይወት ነው፤ ጠላት ያቀናበረው ነው፤ ቅዱስ ዳዊትስ ወድቆ ተነሥቶ የለም ወይ ይላል። ልጅቱ የተላከች ወጥመድ ናት ተባለ። ከመጡት ሰዎች ሁለቱ ከአሥራ አራቱ ፈራሚዎች ነበሩ። አንደኛው ፊቷን እያየ «የሰውን ጓዳ መበርበር ባህላችን አይደለም» የሚል አስጨመራት፤ ማን እንደሆነች አልለያትም። ጻፈችለት፤ አንዲት ፊደል አልገደፈችም።

ከሰዓት በኋላ የተቃዋሚዎቹ ሰዎች መጡ። የሃይማኖት አገር ያረከሰ፣ ትውልድ የሚያበላሽ ሰው ይወገድልን የሚል ወረቀት ነው ያስጻፏት። የልዕልትንም ፎቶ ፊቷ ሳይሸፈን በትልቁ እንድታትምላቸው ሰጧት፤ ያን አላትምም አለች። እነዚሁ ሰዎች አምና የራሳቸው መሪ ከጓደኛው ሚስት ጋር በተያዘ ጊዜ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ግል ሕይወት መከበር አስጽፈዋት ነበር። ጽሑፉ ኮምፒውተሯ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ፊቷን በነጠላ የተሸፈነች ልጅ ገባች። አቤቱታ ልታስጽፍ ነው የመጣችው። ድምፅዋ ስለሚቆራረጥ ሸዋአየሁ የደረሳትን ደብዳቤ ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ኮንትራቷ በሥነ ምግባር ጉድለት ምክንያት ተቋርጧል ይላል። ልዕልት ነበረች። ከወረዳ እናቷ ሦስት ጊዜ ደውለው ስልኩን ማንሣት እንዳቃታት ነገረቻት። ሸዋአየሁ በሩን ዘጋችና አቤቱታውን እስከ ቀትር አብራት ተቀምጣ ጻፈች። ልጅቱ ከወጣች በኋላ የድሮ ቦርሳዋን ከሣጥን ሥር ጎትታ አወጣች።

ሰውአገኝ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እሱ አልረሳትም። ወንበር ስቦ ጤናዋን ጠየቀ፤ ስለ እናቷም ነፍስ ይማር አለ፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ከዚያ ያ ቃለ ጉባኤ ቅጂው እሷ ዘንድ እንደማይጠፋ ተናገረ። ዳኛው ያን ጊዜ ባንቺ ላይ የተናገረው በሕዝብ ፊት ቢነበብ ሰውየው ዳግመኛ አይነሣም፤ እኛም ባንቺ ስም ፍትሕ እንጠይቃለን አላት።

«አለ» አለችው።

«እንግዲያ ስጪኛ፣ ሸዋዬ።»

«እኔ ራሴ አነበዋለሁ። እሑድ በዕጩዎቹ የምርጫ ክርክር ላይ የጠያቂ ተራ ያዙልኝ።»

ሰውአገኝ እጇን ጨብጦ ደስ ብሎት ሄደ። ስሙ ከታች እንዳለበት ረስቶት ይሁን ወይም አታነበውም ብሎ ይሁን፣ ሸዋአየሁ አላወቀችም። ከአሥር ዓመት ወዲህ ግን እህል የጣማት ያን ሳምንት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዳራሹ ሞላ። ከግራ የዳኛው ደጋፊዎች፣ ከቀኝ ተቃዋሚዎቹ ተቀምጠዋል። ዳኛው መድረክ ላይ ሆኖ ስለ ስም ማጥፋት ዘመቻ ተናገረ፤ ባለቤቱን በስም ጠርቶ አመሰገነ፤ ተጨበጨበለት። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ሸዋአየሁ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ስሜ ሸዋአየሁ ዋሴ ነው። ይህን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

ዳኛው ቀና አለ። አወቃት። በፊቱ ላይ ያየችውን አሥር ዓመት ጠብቃዋለችና ቸኩላ ልታሳልፈው አልፈለገችም። ስለዚህ ከቀኑና ከቦታው ጀመረች፤ አጀንዳውን አነበበች፤ የተሰብሳቢውን ብዛት አነበበች። ከዚያ ወደ ንግግሩ ገባች። ቤቷን ያላከበረች ሴት የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ወደ መድረኩ አየች።

«እንደተናገርኩት ጻፊው ብለውኝ ነበር» አለችው። «እንደተናገሩት ነው የጻፍኩት።»

የቀኙ ወገን አጨበጨበ። ሰውአገኝ ቆሞ ነበር የሚያጨበጭበው። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸውና አላለቀም አለች፤ ውሳኔውን የደገፉትን ስም ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ሰውአገኝ ነው። እንደቆመ ቀረ። ሰው አንገቱን እያዞረ ስሙ የተጠራውን ይፈልግ ገባ። ከእነሱ ውስጥ ሱቋ የመጣ ሰው ስም ላይ ስትደርስም፣ ባለስሙ በዚያ ሳምንት ወይም አምና ያስጻፈውን አስከትላ አነበበች፤ የሰውን ጓዳ መበርበር ባህላችን አይደለም ያለው፣ ያን ጊዜ የእሷን ጓዳ ሲበረብር ከፈረመው ፊርማ ጋር ወጣ። የክርክሩ መሪ የድምፅ ማጉያውን አስጠፋባት። ያለ ማጉያ ቀጠለች፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበረ እስከ ኋላው ወንበር ተሰማ። አሥራ አራቱንም ጨረሰች።

«ከሁለታችሁም ወገን ልጅቱ ከሥራ መባረሯን ያነሣ ሰው አላየሁም» ብላ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ዳኛው ለጤናው ሲል ከዕጩነት ራሱን አገለለ ተባለ፤ ጥቂት ቆይቶም ከነበረበት ሹመት ተነሣ። ሰውአገኝ ቃል አቀባይነቱን ተቀማ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሸዋአየሁ በሌላው ወገን የተላከች ናት። ለአሥር ቀን ያህል ሱቋን የረገጠ ሰው አልነበረም፤ ኋላ ግን ፈጣን እጅ የሚፈልግ ባለጉዳይ አይጠፋምና ተመልሰው መጡ። የልዕልት አቤቱታ እስካሁን በቀጠሮ ላይ ነው። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሸዋአየሁ ሱቋን ዘግታ ከጎኗ ትቀመጣለች።

ዳኛው ሽማግሌ ላከ። ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው አያ ሙሉሰው ናቸው፣ ከእንፍራንዝ ድረስ የአባቷ ወዳጅ ተብለው የመጡ። እርቅ ሸጋ ነው፤ ይቅር በዪው አሏት። ሰውየው ከቤት አይወጣም፤ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ መውጣት አፍሯል፤ ሚስቱ አታነጋግረውም፤ እህልም አይበላም ሲሉ ነገሯት። ሸዋአየሁ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማቻቸው። ያዘነች መሰላቸው።

«አያ ሙሉሰው፣ ያን እህል አይበላም ያሉትን እስኪ ይድገሙልኝ» አለች።

ሽማግሌው ደገሙላት፤ ከዚያ ደስ እያላት መሆኑ ገባቸው። እኔ ሳንጃ ስጣል ሽማግሌ የት ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። ጠላ ቀድታ አጠጥታ፣ እስከ በር ሸኝታ ሰደደቻቸው።

ነገሩ ከንስሐ አባቷ ጆሮ ደረሰ። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ቁስቋም ደጀ ሰላሙ ጋ አስጠርተው ገሠጿት። ሳትታረቂ ሥጋ ወደሙ አላቀብልሽም፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው አሏት።

«ልክ ነው፣ አባ» አለች። «አንድ ቀን ይበርድልኝና መጥቼ እነግርዎታለሁ። ገና ነው።»

መስቀሉን ተሳልማ ቁልቁል ወረደች። ሰኞ ስለነበረ ሱቋ ፊት ባለጉዳዮች ቆመው ይጠብቋት ነበር።