የነፍስ ይማር የራሱ ሥራ

ሰፈሩ በሙሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ነበር የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምናውቀው ሚስቱና እኔ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ እኛም ብንሆን ከተውነው ቆይተናል። ሥራው የሟች ምስል መሣል ነው። ሰው የሞተበት ቤተሰብ ከመታወቂያ ላይ የተነቀለች ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ከዚያች ከደበዘዘች ነገር ግድግዳ የሚሞላ ሰው ያወጣል። እኔ ጎኑ ባለችው ክፍል ፍሬም እሠራለሁ። መሐላችን ያለው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ።

እጁን እመኑኝ። ሟቹ በሕይወቱ ለብሶት የማያውቀውን ሙሉ ልብስ ያለብሰዋል፤ ከረባቱ ለሁሉም ያው አንድ ቀይ ከረባት ነው። ሴት ከሆነች ሐብል አይቀርባትም። የወለቀ ጥርስ ይተከላል፣ የከሳ ጉንጭ ይሞላል። አፍን ግን የሚሠራው መጨረሻ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ቤተሰቡን ያስጠራና ወንበር ላይ አስቀምጦ «ሲስቅ እንዴት ነበር?» ይላል። የመታወቂያ ፎቶ ላይ የሚስቅ የለማ! እነሱ እያለቀሱ ይነግሩታል፣ እሱ እየሰማ ይሥላል። ከኮምፔንሳቶው ወዲህ ሆኜ ስንቱን የማላውቀውን ሰው አልቅሼለታለሁ።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው በሥልጠና ያበላሹብኝ።

«የጥበብ ሰው ለምን ይደኸያል?» የሚል ማስታወቂያ በየግንቡ ተለጠፈ። የመጀመሪያው ቀን በነፃ ስለነበር እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ፊልም ማሳየት ባቆመ አንድ አዳራሽ ውስጥ ዘፋኙ፣ ተዋናዩ፣ ሠዓሊው፣ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው ታጉሮ ተቀምጧል። አሠልጣኙ ማይክ ከእጁ ሲለይ የሚታመም የሚመስል ጎልማሳ ነው፤ በሕይወቱ ብሩሽ የያዘው ጫማውን ሲጠርግ ብቻ መሆኑን አቋሙ ይናገራል።

«ደሃ ያደረጋችሁ ኪሳችሁ አይደለም፣ አስተሳሰባችሁ ነው!» ይላል። «ትንሿን በር ካልዘጋችሁ ትልቁ በር አይከፈትም!»

«የሱ ትልቅ በር እኛ ነን!» አልኩት አጠገቤ ለተቀመጠው ክራር መቺ። ዝም በል ብሎ በክርኑ ጎሸመኝ።

አሠልጣኙ ከመሐል ነፍስ ይማርን መርጦ አስነሣው። «አንተ! ምን ትሠራለህ?» ነፍስ ይማር ነገረው። አሠልጣኙ ቀጠለ፦ «እሱማ የደንበኛ ሥራ ነው። የራስህ ሥራ የቱ ነው?»

ነፍስ ይማር ቁጭ አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጅል ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ስቀን እንረሳው ነበር።

ከዚያ በኋላማ ጥያቄው ያዘው። ከፍሎ ሥልጠናውን እስከ መጨረሻው ተማረ። ግቡን በቀይ ቀለም ጻፈና ከአልጋው በላይ ኮርኒሱ ላይ ለጠፈው፦ «በዚህ ዓመት የራሴን ሥራ በራሴ ዋጋ እሸጣለሁ።» ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «እኔ ባለጸጋ ሠዓሊ ነኝ» ይላል። ሚስቱ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እየሮጠች ስትወጣ «ባለጸጋው፣ ጢምህን ሳትላጭ እንዳትወጣ» ትለዋለች። ታሾፍበታለች እንጂ ክፉ አላለችውም። ለሸራውና ለቀለሙ፣ ሥዕሎቹን ሊያሳይ ላሰበበት ኤግዚቢሽንም የአዳራሽ ኪራይ ሲቸግረው ለጣሪያው ማስጠገኛ ብላ ያጠራቀመችውን አውጥታ ሰጠችው። ዝናብ ሲመጣ ታዲያ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግቡ ይርሳል፣ ቀዩ ቀለም አንሶላዋ ላይ ይወርዳል። እሷም አጥባ ታሰጣዋለች።

ትንሿን በር ሲዘጋ እኔ እዚያው ነበርኩ። አንዲት እናት የልጇን ፎቶ በመሐረብ ጠቅልላ መጣች።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «ከእንግዲህ የራሴን ሥራ ብቻ ነው የምሠራው።»

«እሺ የኔ ልጅ» አለች። ፎቶውን በመሐረቡ መልሳ ጠቀለለች። ወዴት እንደምትሄድ እንኳ አልጠየቃትም። መጋዜን አነሣሁና የማልፈልገውን እንጨት ስቆራርጥ ዋልኩ።

ወራቱን ሁሉ ሣለ። ገበያ፣ የአውቶቡስ ሰልፍ፣ መጠጥ ቤት፣ ጆንያ የሚሸከሙ ሴቶች። ፎቶ የሚባል ነገር አጠገቡ አላስደርስም አለ። «ከራሴ ነው የማወጣው» ይላል ደረቱን እየመታ። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ አይ የሱ እጅ! አንድ ቀን ግን የመጠጥ ቤቱን ሥዕል ፍሬም ልለካ ስጠጋ ጥግ ላይ ጠርሙስ ታቅፎ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ስማ፣ ይሄን ሰውዬ እኔ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

«ሰው ይመሳሰላል።»

«ይቺስ? ሐብሏን አወለቅክባት እንጂ እሷው ናት። ወንድሜ፣ የምታውቀው ፊት የሙታን ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሌላ ፊት መቼ አየህ?»

«አንተ አስተሳሰብህን ቀይር» አለኝ። ተናድጄ ሁለት ቀን አኮረፍኩት፤ ፍሬሞቹን ግን ሠራሁለት።

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። አሠልጣኙ ማይኩን ይዞ መጥቶ ነፍስ ይማርን «የኔ ፍሬ» ብሎ አስተዋወቀው። እኔ ደግሞ ዛፉ መቼ ተተከለ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ሚስቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ከወንበሯ ትነሣለች። አንድ ባለሆቴል ጆንያ የሚሸከሙት ሴቶች ሥዕል ፊት ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ለሆቴሉ መግቢያ ፈለገው። ነፍስ ይማር ዋጋውን ተናገረ፤ ሰውየው ሳይከራከር እጁን ዘረጋ፣ ተጨባበጡ። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ራሴ ያን ሰዓት አሠልጣኙን ይቅር ብዬው ነበር።

ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር የመጣች አንዲት የባንክ ሠራተኛ እዚያው ሥዕል ፊት ደረሰችና ቀጥ አለች።

«እማዬ?»

ባለሆቴሉ ዘወር አለ።

«እናቴ ናት!» አለች ልጅቷ። «እናቴ በባዶ እግሯ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ሰው ፊት ክንዷን ገልጣ አታውቅም። ጆንያ ታሸክማታለህ?»

«እመቤቴ፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት፣ እናትዎን አላውቃቸውም» አለ ነፍስ ይማር። ውሸት አልነበረም፤ ከልቡ ነው።

«አታውቃትም? ይሄን በአንድ በኩል የሚሄድ ሳቋን እኔ ነኝ የነገርኩህ! ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እያለቀስኩ፣ እኔ ነኝ የነገርኩህ!»

ያኔ ነፍስ ይማር ራሱ አየው። ፊቱን እያየሁት ነበር፤ ከዚያች ሴት ወደ ሌላዋ፣ ከዚህ ሥዕል ወደዚያ ዓይኑ እየዞረ አንድ በአንድ ለየላቸው። አዳራሽ ሙሉ ሟች። ቀይ ከረባታቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«እኔ ሆቴል ውስጥ የሰው ለቅሶ አልሰቅልም» አለ ባለሆቴሉ፤ ወጣ። አሠልጣኙ «ይሄ እኮ ዕድል ነው፣ ወሬው ብቻ ዋጋህን እጥፍ ያደርገዋል» አለና የሚሰማው ሲያጣ ማይኩን ጠቅልሎ እሱም ወጣ።

ወሬው እውነትም ሰው አመጣ። በማግስቱ አዳራሹ ጢም አለ፤ ግን የሚገዛ አልነበረም፣ የየራሱን ሟች የሚፈልግ ነው። ያገኘው ይሳደባል ወይም ያለቅሳል። አንድ ሽማግሌ ግን ሁሉንም ሥዕል ዞረው ካዩ በኋላ ነፍስ ይማርን ክንዱን ያዙትና «የኔዋን ለምን ተውካት? እኛም እኮ ከፍለን ነው» አሉት።

ሥዕሎቹ ወደ ክፍሉ ተመልሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። ግቡን ከኮርኒሱ ላይ ነቀለው። የሟች ፎቶ የሚያመጣለት ግን ጠፋ፤ «ሰዋችንን ወስዶ ተሸካሚ ያደርግብናል» ተባለ። ነፍስ ይማር የሚለው ስም እንኳ ቀረ፤ ሰው እሱን መጥራቱን ራሱ ተወ።

አንድ ከሰዓት ሸራዎቹን ከፍሬም እያላቀቅኩለት ሳለ ሚስቱ ከሥራ መጣች። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥባትን ወንበር ወደ መስኮቱ ጎተተችና ተቀመጠች።

«በል እኔን ሣለኝ» አለችው። «የራስህ ሥራ አይደል የፈለግከው? የራስህ ነኝ። አልሞትኩም፣ ማንም መጥቶ አይወቅስህም።»

ከኤግዚቢሽኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት። ከሰል አነሣ። ድምፅ እንዳይረብሻቸው መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ያያታል፣ ይሠራል፣ ያጠፋል። እንደገና ያያታል። እሷም እንዲህ ከታየች ስንት ዘመኗ! አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ጉንጯ ቀላ ብሎ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ሠራ፣ የቀሚሷን አንገትጌ ሠራ፣ መሐሉ ላይ ፊቷ ጋ ሲደርስ ያጠፋል። ወረቀቱ ጥቁር ሆነ። ሌላ ወረቀት ወጠረ፣ እሱም ጠቆረ። ቀረብ ብሎ አያት፣ ራቅ ብሎ አያት፤ ግንባሩን አላበው። ከሰሉን አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ፎቶ የለሽም?» አላት።

ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ቦርሳዋን አነሣች።

«አለኝ» አለችው። «ስሞት ያመጡልሃል።»