የግራው ጎን
አጎቴ ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ፣ ልደታ ባለው ቤታችን የሽጉጣቸውን የተሰነጠቀ እጀታ፣ ግራና ቀኙን በወይራ እንጨት ይተኩ ጀመር። በጭብጣቸው ልክ እንዲሆን መዳፋቸውን ከሰል ቀብተው እንጨቱን ይጨብጡና የጠቆረውን ቦታ ብቻ ይፍቃሉ። ደግሞ ይቀባሉ፤ ደግሞ ይጨብጣሉ።

ማየቱ ቢሰለቸኝ፣ «አሁን ይሄ ሁሉ ማንን ሊመቱበት ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ማንንም። እጄ የሚይዘው ነገር ፈለገ፣ ልጄ።»

የቀኙን ገጠሙት፤ የግራውን ሳይጨርሱ ሞት ቀደማቸው። ለቅሶው ሳይበርድ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ሽጉጡን ወሰዱት። ያልተገጠመው እንጨት ግን የጣቶቻቸው ጥቁር ምልክት እንዳለበት መስኮቱ ላይ ቀረ።

ቤቱ ጭር ሲል የኔም እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ከሰሉ እንዳይለቅ ብዬ ግን አልነካውም።