ዳንቴል የለበሰው ስልክ

ሚኤሶ ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። ረዳቱ «ጭሮ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ ዞር ብለህ ስታይ ግን የኋላው ወንበር እንዳለ ባዶ ነው። እኔ በጋዜጣ ፊቴን ሳራግብ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሙቀቱም ጩኸቱም አልነካቸውም። የነጭ ክር ጥቅል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ኪሮሻቸውን ያሯሩጣሉ። እጃቸውን እንኳ አያዩትም፤ ዓይናቸው በመስኮት ግመሎቹን ይከተላል።

ድንገት ከጉያቸው ስልክ ጮኸ። ሲያወጡት ሳቄ አመለጠኝ። ስልኩ ልብስ ለብሷል። ጀርባው፣ ጎኑ፣ ግንባሩ ሳይቀር በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ፣ ከኋላ በዕንቁላል መልክ ቁልፍ ተቆልፏል። ከላይ ግንባሩ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንደኛው ዙሪያው በነጭ ክር፣ ሌላኛው በቀይ ክር የተዘመዘመ።

«አዎ ሞሚና፣ ሚኤሶ ነኝ፤ ሙሽሮቹ ወደውታል» አሉና ዘጉት። ሳቄን አይተው ኖሯል፤ ዞር አሉ።

«ነጩ ቀዳዳ ለካሜራው ነው፤ ገብቶኛል» አልኩ ለመታረቅ ያህል። «ቀዩስ?»

«ቀዩ?» ኪሮሻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አቆሙ። «ቀዩማ ልጄን የመለሰልኝ ነው።»

መኪናው ሳይሞላ ጀመሩልኝ፤ የጭሮን ዳገት ስንወጣ ጨረሱልኝ።

ሴትዮዋ እትዬ ዓለምሸት ይባላሉ። እሳቸውን የማያውቅ የጭሮ ሰው ቢገኝ እንኳ ዳንቴላቸውን ማወቁ አይቀርም። ባለቤታቸው ጀምበሩ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጃቸው እንቁ ገና ዳዴ ስትል በሕመም ሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው ያቺ ቀጭን ኪሮሽ ናት። ያኔ ቴሌቪዥን ማለት ጀርባው የሰፋ ትልቅ ሣጥን ነው። አንድ ቤት ቴሌቪዥን ሲገባ መጀመሪያ አንቴና የሚሰቅለው ይጠራል፣ ቀጥሎ እትዬ ዓለምሸት። ሬዲዮኑም፣ የውኃ ማቅረቢያው ትሪም፣ የሶፋው መደገፊያም ልክ ይወሰድለታል። በእሳቸው ቤት ደግሞ ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም።

ኋላ ቀጭኑ ቴሌቪዥን መጣ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሰቀላል እንጂ ዳንቴል የሚያርፍበት ትከሻ የለውም።

«ሰው ሲከሳ ያሳዝናል» አሉኝ እትዬ ዓለምሸት፤ «ቴሌቪዥን ሲከሳ ግን እኔን ነው ያከሳኝ።»

ሥራው የሙሽራ ቤት ብቻ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ነው እንቁ «እማ፣ ተራው የኔ ነው» ብላ ኩዌት የሄደችው። ዓመታት አለፉ። በድምፅ ብቻ ይገናኛሉ፤ ድምፅ ደግሞ ይዋሻል። «ደህና ነኝ» የማይል ማን አለ?

በ2009 መጋቢት ላይ አንዲት ከኩዌት የተመለሰች የቦኬ ልጅ ከእንቁ የተላከ አዲስ ስማርት ስልክ አመጣችላቸው። ልጅቷ በምስል የሚያገናኘውን ኢሞ ከፍታ፣ እንዴት እንደሚነሣ አሳይታ፣ «ይቺ ትንሿ ዓይን ናት እርስዎን ለእንቁ የምታሳያት፤ እንዳትሸፍኗት» ብላቸው ሄደች። እትዬ ዓለምሸት ምክር ይሰማሉ። ያን ቀን ሲሠሩ አምሽተው ለስልኩ ልብስ አወጡለት፤ ለትንሿ ዓይንም ቀዳዳ ተዉላት። ከዓይኗ አጠገብ ሌላ ጥቁር ነጥብ አለች፤ የፋብሪካ ጉድፍ መሰለቻቸውና በአበባ ሸፈኗት።

ዓርብ ከሰዓት፣ የእንቁ አሠሪዎች ለዘመድ ጥየቃ ሲወጡ፣ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዓለምሸት አነሡት። ያዩት ነገር ግን የጠበቁት አይደለም። ጨለማ ነው። በጨለማው ውስጥ አንድ ፊት አለ፤ ጥቁር፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ጉንጩ ጥላ የሆነ።

«እማ! ታዪኛለሽ?»

«አይሻለሁ እናቴ፣ አይሻለሁ» አሉ። ስልኩ ጨለማ ነው ሊሏት አልቻሉም። ልጅ ለፍታ የላከችው ስጦታ ይነቀፋል? ደግሞስ ጨለማው የስልኩ ነው ወይስ የልጅቷ?

በሚቀጥለው ዓርብ ብርሃን ይሻላል ብለው ደጅ ወጡ። ፀሐይ ላይ ጭራሽ ጠፋች። ከዚያ ወዲያ ጋቢያቸውን አናታቸው ላይ ጥለው፣ እንደ ዳስ ወደ ፊት ስበው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ማየት ጀመሩ። እንዲህ ሆነው በረንዳቸው ላይ ሲያወሩ ነው ጎረቤታቸው ሞሚና የጫት ዘንቢሏን ይዛ ከገበያ ስትመለስ የደረሰችባቸው።

«ያ ዓለም! ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ጉንፋን ይዞሽ እየታጠንሽ ነው?»

«ልጄን እያየሁ ነው።»

ሞሚና ከጋቢው ሥር አንገቷን አስገብታ ብታይ እሷም ደነገጠች። ወዲያው ግን ነገር የማይጠፋባት ሰው ናትና፣ «አይዞሽ» አለች፤ «ልጅቷ አይደለችም፣ ስልኩ ነው። ከኩዌት ሙቀት መጥቶ የጭሮ ብርድ መትቶታል። ሰውም አገር ሲለውጥ እንዲህ ያደርገዋል፤ ወላሂ ይለምዳል።»

አልለመደም። በዚህ መሀል እንቁ አንድ ነገር ተናገረች። እመቤቷ ሌላ ውል እንድትፈርም ትፈልጋለች፤ መልሱን ደግሞ ከረመዳን በፊት ትጠብቃለች። «አንቺ ምን ትያለሽ እማ?»

እትዬ ዓለምሸት ምን ይበሉ? እንደዚያ የጠቆረች ልጅ ትፈርም? ደግሞ ደህና ሆና ከሆነስ፣ በጥርጣሬ እንጀራዋን ይቁረጡባት? ፊቷን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ጥርት አድርገው ቢያዩት መልሱ እዚያ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ስልኩን ይዘው ወደ መናኸሪያው በር ወረዱ፤ ኤልያቄም ጋ።

ኤልያቄም ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ እሑድ እሑድ ቸርቹ ውስጥ ጊታር ይመታል፣ በሥራ ቀን ደግሞ በአጉሊ መነፅሩ ሥር ጎንበስ ብሎ መዝሙር ያንጎራጉራል። ስልኩን ተቀበለና እንደማንኛውም ጠጋኝ መጀመሪያ ልብሱን አወለቀ። ዳንቴሉን ወደ ጎን አድርጎ መስታወቱን ወለወለ፣ ከፈተው። ቦግ አለ።

«ምን ሆነ እማማ? ፀሐይ እኮ ነው።»

እትዬ ዓለምሸት አዩ። እውነትም ፀሐይ ነው። አመስግነው፣ አልብሰው፣ ወደ ቤታቸው። ዓርብ ጨለማ። ማክሰኞ ኤልያቄም ጋ፤ ያወልቃል፣ ይከፍታል፣ ቦግ! በሦስተኛው ጊዜ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ወንበር የያዙትን ደንበኞች ጠቀሰና፣ «መጣ፣ የኔ ወዳጅ መጣ! እማማ፣ ይሄ ስልክ እኔን ሲያይ ነው እንዴ የሚስቀው?» አለ። ሳቁ።

እትዬ ዓለምሸት አልሳቁም። «አንተ ጋ ይበራል፣ እኔ ጋ ይጨልማል። እኔ ላይ ምን አይቶ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ነገር ኤልያቄምን ጎንበስ አደረገው። አጉሊ መነፅሩን አውልቆ፣ «ይቀመጡ እማማ» አለ። «ስቀልድ ነው።» እንደ ልማዱ ልብሱን አውልቆ፣ የብርሃን ማስተካከያውን ከፍቶ እስከ ጥግ ገፋው፤ ቢያገላብጠው ምንም እንከን የለውም። ራሱን አከከ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ስልኩ እዚያው በኤልያቄም እጅ እንዳለ ጮኸ፤ እንቁ። እትዬ ዓለምሸት ዘለው ተነሡ፤ ስልኩን ነጠቁት። ግን አላነሡትም፤ ዳንቴሉን ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ያምሳሉ።

«ያንሡት እንጂ እማማ!»

«ራቁቱን? በሰው ፊት?» አልብሰው፣ ቁልፉን ቆልፈው አነሡት።

ኤልያቄም በትከሻቸው በኩል እያየ ነበር። ዳንቴሉ በስልኩ ግንባር ላይ ሲሳብ ብርሃኑ ቀስ እያለ፣ የፋኖስ ክር እንደሚያወርዱት ሁሉ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ጨለመ። የሚያንጎራጉረው መዝሙር አፉ ላይ ቆመ።

«ቆይ! ቆይ! ያውልቁት! ኧረ ያውልቁት እማማ፣ ልብሱ ነው!»

«የምን ልብስ?»

«ይቺን አበባ ያንሡልኝ» ጣቱን ጥቁሯ ነጥብ ላይ አኖረ። «ስልኩ ሁለት ዓይን ነው ያለው። አንዱ ሰው ያይበታል፤ እሱን ትተውለታል። ይቺ ደግሞ ብርሃን የሚያይባት ናት፤ ሴንሰር ነው የምትባለው። ቤቱ ሲጨልም እሱም የሰው ዓይን እንዳይወጋ ብርሃኑን ይቀንሳል። እርስዎ ሸፍነውበት ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ እንደመጡ፣ ገና ሳላየው ስለማወልቀው...» ግንባሩን መታ። «ሦስት ጊዜ! ሦስት ጊዜ አወለቅኩት እኮ!»

እትዬ ዓለምሸት ግማሹን አልሰሙትም። ዳንቴሉ ወልቆ ልጃቸው በርታለች። ጉንጯ ሞልቷል። ግንባሯ ያበራል። የጆሮ ጉትቻዋ ሳይቀር ይታያል።

«ወፍረሻል!» ብለው ጮኹ። ሱቁ በሙሉ ዞረ።

«እማ! ሰላም ሳትይኝ ወፍረሻል?»

«ወፍረሻል! እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እኔ እኮ ታመሽ የምትደብቂኝ መስሎኝ...»

ከዚያ በኩል እንቁ ማልቀስ ጀመረች። «የታመምሽውማ አንቺ ነሽ። በየሳምንቱ ጋቢ ተከናንበሽ፣ ዓይንሽን እያሸሽ፣ እንባሽን እየጠረግሽ... ስጠይቅሽ ደህና ነኝ። ለሞሚና ደውዬ ልጠይቃት ፈርቼ ተውኩት፤ እውነቱን ትነግረኛለች ብዬ።»

«ታዪኝ ነበር እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው? አያለሁ እንጂ!»

«እኔማ ካላየሁሽ የማታዪኝ መስሎኝ ነው» አሉ እትዬ ዓለምሸት።

ከደንበኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ኤልያቄም በክርኑ ጎሸመው። እናትና ልጅ ግን እነሱም እያለቀሱ መሳቅ ጀምረው ነበር። ጋቢው ምን እንደነበር፣ ሞሚና ስለ ብርዱ ያለችው፣ ሁሉም ወጣ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁለቱም ካልታመሙ ደግሞ ውሉን ላለመፈረም ምክንያት የለም።

«እንግዲያ...» አለች እንቁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደህና ከሆንሽ ልፈርም?»

እትዬ ዓለምሸት የልጃቸውን ፊት አዩ። አሁን ጥርት ብሏል፤ ስለዚህ ሌላም ነገር ታያቸው። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ መስኮት የለውም። ስትሄድ ልጅ ነበረች፤ አሁን በዓይኗ ዳርና ዳር ቀጫጭን መስመር አለ። ልፈርም ስትል ከንፈሯ እንደ ሕፃንነቷ ወደ ታች ወርዷል፤ አትፈርሚ በዪኝ የሚል ከንፈር። አልታመመችም። ግን በሽተኛ ብቻ ነው ወደ እናቱ የሚመለሰው ያለው ማን ነው?

«ስሚኝ» አሏት። «አንዳችን ካልታመምን አንገናኝም ማለት ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺም ደህና ነሽ፤ ነይ። ደህና ሆነን እንተያይ።»

እንቁ አፏን ከፈተች፤ ኔትወርኩ ግን እዚያው ላይ ተቆረጠና ፊቷ ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። እትዬ ዓለምሸት ቁጭ ብለው ያን የደረቀ ፊት አዩት። የሳምንቱ ዓርብ መልሱ መጣ፤ አልፈረመችም። የያዘችውን ውል ጨርሳ ለአዲስ ዓመት አገሯ ገባች።

ዳንቴሉን አልጣሉትም። ኤልያቄም «ይሄ ስልክ ከእንግዲህ ራቁቱን ይሂድ» ቢላቸው፣ «ዓይኑን ላብራለት እንጂ ለምን ይበርደዋል?» ብለው አበባዋን ፈትተው ቀዳዳ አደረጉላት፤ እንዳትረሳም በቀይ ዘመዘሙላት። ሞሚና ግን እስከ ዛሬ አላመነችም፤ «ለምዶ ነው እንጂ» ትላለች።

ሚኒባሱ ጭሮ መናኸሪያ ገብቶ ቆመ። እትዬ ዓለምሸት ሲሠሩት የመጡትን አጣጥፈው ያዙ፤ የአልጋ ልብስ ጠርዝ ነው፣ ለእንቁ አልጋ። ቦርሳቸውን ተቀብዬ አወረድኩላቸው። ተሳስመን ጥቂት ራመድ ካሉ በኋላ የረሱት ነገር ያለ ይመስል ተመለሱ።

«እናት አለችህ?» አሉኝ።

«አለችኝ፤ አዲስ አበባ።»

«እንግዲያ ስትደውልላት ብርሃን ያለበት ቁም፤ ጥላ ውስጥ ያየችህ እንደሆነ እህል አይወርድላትም።»