የራሴ ኩባያ

ሮም ውስጥ ብዙ ዓመት ያገለገልኩት የደቡብ አፍሪካ ነጮች ቤት ነው። ሲኞሩ የበግ ጠጉር ለጣልያን ፋብሪካዎች የሚሸጥ ኩባንያ ወኪል ነበር። ሲኞራ ቤት ትውላለች። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላት ነበር፤ አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው አልመጣልኝም፤ ለነገሩ እኩያዬ ናት። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ እኔ ስቀጠር የወተት ጥርሱ ገና እየወለቀ ነው። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት አፍሪካንስ በሚባል ከጉሮሮ በሚወጣ ቋንቋቸው ነው። ከእኔ ጋር በተሰባበረ ጣልያንኛ እንግባባለን። ያልተሰባበረ ጣልያንኛ የነበረው ልጁ ብቻ ነበር።

እዚያ ቤት ያስገቡኝ አንዲት ያገሬ መነኩሲት ናቸው። ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ከአዲስ አበባ ወጥቼ መግቢያ ሳጣ፣ «ሰዎቹ ጸጥተኞች ናቸው፤ ጸሎት ያውቃሉ፤ ፔርሜሶሽንም፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ያወጡልሻል» አሉኝ። ያሉት ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያው ቀን ሲኞራ ኩሽናውን አሳየችኝ። ነጫጭ የሸክላ ሲኒዎች በባለ መስታወት ቁም ሳጥን ተደርድረዋል። ያንን ካሳየችኝ በኋላ ጎንበስ ብላ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አዲስ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ከነሳህኑ አወጣችና «ይሄ ያንቺ ነው፤ የብቻሽ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። የሚስቅብኝ ይሳቅ። እኛ ቤት የአባቴን ዋንጫ ማንም አይነካም ነበር። ዘመድ ቤቱን ቢሞላው፣ መጠጫ ቢያጥር፣ የአባቴ ዋንጫ የአባቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ውኃ ጠጥቶበት እናቴ ጆሮውን እስኪቀላ ቆንጥጣዋለች። እንግዲህ ለሠራተኛነት በገባሁበት ቤት የብቻዬ ኩባያ ሲሰጠኝ፣ እነዚህ ሰዎች ሰው ማክበር ያውቃሉ ብዬ ደመደምኩ።

ልጁም ኩባያዬን ወደደብኝ። ወተት በሌላ አልጠጣም ይላል። ሁለት ጊዜ የሚጋገር፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ያገራቸው ዳቦ አለ፤ እሱን ኩባያዬ ውስጥ እየነከረ እግሩን እያወዛወዘ ይበላል። እናቱ ስትደርስበት ኩባያውን ከእጁ ነጥቃ «ያንተ አይደለም፤ የሷ ነው» ትለዋለች። እኔም በሆዴ፣ ይቺ ሴት ልክ እንደ እናቴ ናት፣ ልጇን ሥርዓት ታስተምራለች እላለሁ። እሷ ዞር ስትል ግን እሰጠዋለሁ። «ታታ» ነበር የሚለኝ፤ የጣልያን ልጆች ሞግዚታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ወንድሜን ጥዬው የመጣሁት በዚያው ዕድሜ ስለነበር፣ ታታ ባለኝ ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል።

በየወሩ አንድ እሑድ አፍሪካንስ የሚናገሩ የሮም ቤተሰቦች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ጳጳሱ በተቀመጡበት ከተማ የእነሱ ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረ፣ ሳሎን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ አንብበው መዝሙር ይዘምራሉ፤ ዜማቸው ዝግ ያለና የሚያሳዝን ነው። ከዚያ ወንዶቹ በረንዳ ወጥተው ሥጋ ይጠብሳሉ። ዝናብ ቢጥል እንኳ ጃንጥላ ይዘው ይጠብሳሉ እንጂ ወደ ኩሽና አያስገቡትም። ላዩ ላይ ያለችው ጣልያናዊት ጎረቤት ጭሱን ስትራገም እኔ ነኝ የምሰማው።

ጆሮዬ ቋንቋቸውን ሲለምድ፣ ጭንቀታቸውን ሁሉ በዚያች እሑድ አውቄ ጨረስኩ። የአባቶቻቸው እርሻ ላይ ዝናብ ጣለ ወይስ አልጣለም? ነጭ የበቆሎ ዱቄት የት ይገኛል? የጣልያኑ ቢጫ ነውና ገንፎው አይጥማቸውም። በሻንጣ ያመጡትን ይከፋፈላሉ፤ ስለ ራግቢ ጨዋታ የሰሙትን አሥር ጊዜ ይደጋግሙታል። ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን የልጆቻቸው ነገር ነበር። በአፍሪካንስ ሲያናግሯቸው ልጆቹ በጣልያንኛ ይመልሳሉ። እናቶቹ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እኔም ትሪ ይዤ ስመላለስ፣ የኛዎቹስ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር የሚያድጉት የሐበሻ ልጆች፣ ምን ለዩ እላለሁ። ስደት ለነጭም ያው ስደት ነው።

ቢልቶንግ የሚሉት ደግሞ ነበራቸው፤ ሥጋውን ዘልዝለው፣ በጨው፣ በኮምጣጤና በድንብላል አሽተው የሚሰቅሉት። ሲኞራ ልታስተምረኝ ቢላዋ ስታነሳ ተቀብያት ዘለዘልኩት።

«ማን አስተማረሽ የኛን ምግብ?» አለችኝ።

«የኛ ነው ሲኞራ፤ ቋንጣ እንለዋለን» አልኳት።

አላመነችኝም። እኔም ድንብላልና ኮምጣጤ የገባበትን ቋንጣ ቋንጣ ብዬ መጥራቴ ቆጭቶኛል። ብቻ ከዚያ በኋላ ቢላዋው የኔ ሆነ።

ሐሙስ ከሰዓት የሠራተኛ ዕረፍት ነው፤ ሁላችንም ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካለች አንዲት ቡና ቤት እንገናኛለን። አንድ ሐሙስ ሴቶቹ ስለ አሠሪዎቻቸው ሲያማርሩ፣ እኔ የኩባያዬን ነገር በኩራት አወራሁ። ከእኛ ጋር የተቀመጠ አንድ የዘርዐ ክህነት ተማሪ ያገራችን ልጅ ነበር። ቀና አለና፣

«እትዬ፣ ከማጠቢያው ሥር ነው የሚቀመጠው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ከነሳህኑ?»

«ከነሳህኑ። ምነው?»

ጥቂት አንገራገረ። አብሮት የሚማር ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ አለ፤ እናቱ የነጮች ቤት ሠራተኛ ናት። እዚያ አገር የጥቁር ሠራተኛ መጠጫና መመገቢያ ለብቻው፣ ከጌቶቹ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ከማጠቢያው ሥር ይቀመጣል አለኝ። አንዲቷ ሴት ሳቀች፤ ሌላዋ ክንዷን ክንዴ ላይ አደረገች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ። እኔ ክብር ነው ብዬ ዓመታት የኮራሁበት እኔን መጸየፊያ ኖሯል።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ፊቴ ይነድ ነበር። ስደርስ ኩባያውን በመስኮት ልወረውረው አስቤያለሁ። ጥዬ ልውጣ ብልስ ወዴት? ፔርሜሶዬ በሲኞሩ ፊርማ ነው የሚታደሰው፤ አገሬ እንዳልመለስ ያየሁትን አይቻለሁ። እንግዲያውስ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። በማግስቱ ከማጠቢያው በላይ ግድግዳው ላይ ሚስማር መታሁና ኩባያዬን ሰቀልኩት። የነሱን ዕቃ መጀመሪያ አጥባለሁ፤ ከዚያ ስፖንጁን ለውጬ የኔን፣ የነሱ እንዳይነካካብኝ። ሲኞራ ሚስማሩን አየች፣ ስፖንጁን አየች፣ ቀላች። ከዚያ ወዲያ በኩባያዬ የሚጠጣው እኔ የፈቀድኩለት ነው፤ የፈቀድኩትም ለልጁ ብቻ ነው። እናቱም መንጠቋን ተወች።

ዓመታት ሄዱ። ልጁ አባቱን በቁመት በለጠ፤ ወተቱ ግን ያው በሰማያዊው ነበር። ወቅቱ ደርግ ብሔራዊ ውትድርናን ያወጀበት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ሴት ሐሙስ ቀን ቡና ቤቱ ድረስ ፈልጋኝ፣ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በአፈሳ ተይዞ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ፣ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደተላከ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም። እናቴ ማዕድ ቤት መዋል ትታ በር በሩን እያየች ትውላለች አለችኝ።

በዚያው ዓመት ለልጁም ከአገሩ የውትድርና ጥሪ መጣ። እነሱም አንጎላ ድንበር ላይ ጦርነት ነበራቸው። ውጭ አገር ስለሚኖር ቢቀር የሚጎትተው አልነበረም። አባቱ ግን ያልዘመተ ልጅ ይዞ አገሩ መግባት እንደሚያፍር ተናገረ። ሲኞራ ሥጋ ስዘለዝል ኩሽና ገብታ አጠገቤ ቆመች።

«የኩባ ወታደሮች እናንተም አገር አሉ አይደል?» አለችኝ።

«አሉ፣ ሲኞራ።»

«አንጎላ ላይ የኛን ልጆች ይገድላሉ።» ጣቷን ጨው ውስጥ እያዟዟረች ቆየች። «አንቺን ይሰማሻል። እንዳይሄድ ንገሪልኝ። ስለ ወንድምሽ ንገሪው።»

በወሩ እሑድ ወንዶቹ ልጁን መሀል አስቀምጠው ትከሻውን ይመቱታል። አንዱ የቢልቶንግ መቁረጫ ሰንጢ ሸለመው። ሲኞራ ከኩሽና ጠርታኝ እንግዶቹ ፊት አቆመችኝና «ንገሪያቸው» አለች። ማድቤት ውስጥ ለልጁ ብቻ የምነግር መስሎኝ ነበር። የሆነው ሆኖ ተናገርኩ፤ አፈሳውን፣ ታጠቅን፣ ሰሜንን፣ እናቴን።

ሲኞሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዝናለሁ። ግን ያ የኮሚኒስቶች ጦርነት ነው። የኛ ቤታችንን ለመጠበቅ ነው» አለ።

«የኛም ሰዎች በራዲዮ የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ሲኞር» አልኩት።

አንዷ ሴት ቡና እንድጨምርላት ጠየቀችኝ። ትሪዬን አንስቼ ወጣሁ።

ልጁ ተከትሎኝ ኩሽና ገባ። ኩባያውን ራሱ ከሚስማሩ አወረደ።

«ታታ፣ እዚያ ስሄድ የአጎቶቼ ልጆች ጣልያኑ ይሉኛል። በንግግሬ ይስቃሉ። እዚህ ትምህርት ቤት ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ነኝ። ከዘመትኩ ግን የየት ነህ የሚለኝ አይኖርም» አለ።

«ወንድሜን ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። አንተን ጠይቀውሃል። እምቢ ማለት ትችላለህ» አልኩት።

ወተቱን ጨልጦ ከንፈሩን በእጁ ጠረገ። የተሸለመውን ሰንጢ ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠው። ያን ጊዜ እንደሚሄድ አወቅሁ።

ከሄደ በኋላ ሲኞራ እሑዱን አስቀረች። ደረቅ ዳቦው በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ሻገተ። ራዲዮኗን ኩሽና አምጥታ፣ ጠዋት እሷ የአገሯን ወሬ ትፈልግበታለች፤ ከሰዓት እኔ የአገሬን። የሷ ስለ ድል ያወራል፣ የኔም ስለ ድል ያወራል፤ ልጅ የት ደረሰ የሚል አልነበረም። አንዳንዴ አብረን ድንች እንልጣለን። ኩባያውን አልረሳሁላትም፤ እንደዚያም ሆኖ አዝንላት ነበር።

አንድ ቀን ልጁን በስልክ አናግራ ፊቷ በርቶ መጣች። «ድንበር አልላኩትም። አገር ውስጥ ነው፤ የጥቁሮቹ ሰፈር ረብሻ አለ፣ እዚያ ጎዳና ይጠብቃሉ። አደጋ የለውም» አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን እንድላት ጠበቀች። ድንቹን መላጤን ቀጠልኩ።

በፈቃድ የመጣው ለፋሲካ አካባቢ ነው። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ አንገቱ ወፍሮ፣ ፀሐይ መትቶት። አፍሪካንሱ ተስተካክሎለታል፤ አባቱ በየንግግሩ መሀል በደስታ ሲስቅ ይሰማኛል። እኔን በር ላይ ጨበጠኝ። ድሮ ሲመጣ አንገቴ ላይ ነበር የሚጠመጠመው። መንገድ አድክሞት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ጠዋት ሳይነሳ ቀድሜ ዳቦውን አዲስ ጋግሬ አደረቅሁ። ኮቴውን ስሰማ ኩባያውን ከሚስማሩ አውርጄ ትኩስ ወተት ሞላሁበት፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ድሮ እግሩን እያወዛወዘ የሚቀመጥበት ቦታ አኖርኩለት። ገባ። ቆሞ ኩባያውን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ንቆኝ ይሁን አፍሮ፣ በዚያ በጥቁሮቹ ሰፈር ያየውና ያደረገው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ክፉ ቃል አልወጣውም። በአጠገቤ አልፎ ባለ መስታወቱን ቁም ሳጥን ከፈተ፣ ነጭ ሲኒ አወጣ፣ ከምድጃው ላይ ራሱ ቀዳ፣ ቆሞ ጠጣ።

«ግራዚዬ» ብሎ አመሰገነኝ። ታታ አላለኝም።

እናቱ በሌሊት ልብሷ መጣችና ከኋላው አቀፈችው። «እዪው እስቲ» አለችኝ እንባዋ እየወረደ፤ «እንደወጣ ተመለሰልኝ። ምንም አልጎደለበትም።»

የኔ እናት አዲስ አበባ በር በሩን እያየች ነው። የሷ ልጅ በበሩ ገብቷል። ምን ልበላት?

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲኞራ» አልኳት።

ተያይዘው ወደ ሳሎን ሄዱ። ወተቱን ደፋሁት። ኩባያውን አጠብኩና ወደ ሚስማሩ እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ አወረድኩት። ጎንበስ አልኩና ከማጠቢያው ሥር፣ መጀመሪያ ከወጣበት ቦታ አስቀመጥኩት።